የተለማማጅ መካኒክ መሣሪያና ከገቢ የሚቀነስ ወጪ፦ አንድ የካልጋሪ ጉዳይ

መነሻ

በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ አንድ ተለማማጅ መካኒክ ከካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ የመጡ ሁለት ደብዳቤዎች ይዞ ወደ እኔ መጣ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከተጻፈ አምስት ወር ቢያልፈውም ገና አልተከፈተም ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ባለጉዳዩ በ2023 የግብር ዘመን ለሥራ መሣሪያ አወጣሁ ብሎ ከገቢው ያስቀነሰው 10,400 ዶላር ሙሉ በሙሉ መሰረዙን፣ በዚህም ምክንያት 2,600 ዶላር ከነወለዱ እንዲመልስ መወሰኑን ይገልጻል።

እኔ የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ሲሆን፣ በየዓመቱ በማርችና በኤፕሪል ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የማኅበረሰባችን አባላት የግብር ማስታወቂያ በነጻ በሚሞላበት ጣቢያ በፈቃደኝነት አገለግላለሁ። የነጻው አገልግሎት የሥራ ወጪ ተቀናሽ ያለበትን ማስታወቂያ ስለማያስተናግድ ይህን ጉዳይ ያየሁት ከጣቢያው ውጭ፣ በትርፍ ጊዜዬ ነው። ባለጉዳዩ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስሙንና የሚሠራበትን ጋራዥ አልጠቅስም፣ የዕቃዎቹንም ዋጋ ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቻለሁ። ወራቱና ዓመታቱ፣ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የማነሣው የቀን አቆጣጠር ልዩነቱ በጉዳዩ ውስጥ 1,150 ዶላር የሚያወጣ ድርሻ ስለነበረው ነው።

ባለጉዳዩና ሥራው

ባለጉዳዩ በሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ የሚገኝ ሲሆን ወደ ካናዳ ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ለሦስት ዓመት በረዳትነት ሠርቷል። እዚያ መሣሪያው የጋራዡ ባለቤት ንብረት ነበር፤ ጠዋት ከሣጥን ይወጣል፣ ማታ ተቆጥሮ ይገባል፣ ከጎደለም ከረዳቱ ላይ ይቆረጣል። ካልጋሪ ከደረሰ በኋላ መጀመሪያ ጎማ ቤት ተቀጠረ። በ2022 መጨረሻ አንድ ጋራዥ በተለማማጅነት እንደሚቀበለው ቃል ስለገባለት በጃንዋሪ 2023 ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ወርም በአልበርታ የተለማማጆች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ሥልጠናው አራት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ ተለማማጁ በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት ትምህርት ቤት ገብቶ ቀሪውን ጊዜ በደመወዝ እየሠራ ይማራል።

አዲሱ ጋራዥ የመኪና ማንሻውን፣ የአየር መጭመቂያውንና ትላልቆቹን ማሽኖች ያቀርባል። በእጅ የሚያዘውን ሁሉ ግን መካኒኩ ራሱ ገዝቶ ይዞ መቅረብ አለበት። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ አንድ የመሣሪያ ሻጭ ውስጡ እንደ ሱቅ የተደረደረ መኪናውን በጋራዡ በር ላይ ያቆማል፤ መካኒኮቹም እጃቸውን እየጠራረጉ ይወጣሉ። ሻጩ ዕቃውን በዱቤ ሰጥቶ በየሳምንቱ ሠላሳ ወይም አርባ ዶላር ይሰበስባል። ባለጉዳዩ በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ መኪና ላይ ብቻ ከ4,500 ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃ ወስዷል።

የገዛውን የሚጽፍበት አንድ የደብተር ገጽ ነበረው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የዕቃውንም ስም አዲስ አበባ በለመደው አጠራር ይጽፍ ነበር፦ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ማርቴሎ፣ ቡሶላ። በዘይት የተነካካው ይህ ገጽ ኋላ ላይ ከሁሉም ሰነድ ይልቅ ጠቅሞናል።

ሕጉ የሚለው

በካናዳ ሕግ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በራሱ ያወጣውን የሥራ ወጪ ከገቢው መቀነስ የሚችለው በጥቂት በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። የእጅ ባለሙያ መሣሪያ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ለተለማማጅ የተሽከርካሪ መካኒክ ደግሞ ሁለት ተቀናሾች ተደራርበው ይፈቀዱለታል።

የመጀመሪያው ተቀናሽ ለማንኛውም ተቀጣሪ የእጅ ባለሙያ የተፈቀደ ነው። በዓመቱ ከተገዛው መሣሪያ ዋጋ ላይ ለእያንዳንዱ ደመወዝተኛ የሚታሰበው የካናዳ የሥራ መጠን የሚባለው ገንዘብ፣ በ2023 1,368 ዶላር የነበረው፣ ይነሣና ከቀረው እስከ 1,000 ዶላር ድረስ ከገቢ ይቀነሳል። ይህ ጣሪያ እስከ 2022 ድረስ 500 ዶላር ነበር። ሁለተኛው ተቀናሽ የተለማማጅ መካኒኮች ብቻ ሲሆን የራሱ ጣሪያ የለውም፤ ከጠቅላላው የመሣሪያ ወጪ ላይ ከሁለት መጠኖች የሚበልጠው ተነሥቶ ቀሪው ይወሰዳል። አንደኛው መጠን 1,000 ዶላሩና የሥራ መጠኑ ሲደመሩ የሚገኘው፣ ለ2023 2,368 ዶላር የሆነው ሲሆን፣ ሌላው በተለማማጅነት ከተገኘው ገቢ አምስት በመቶ ነው። ከሁለተኛው ተቀናሽ በዓመቱ ያልተጠቀሙበት ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይተላለፋል፤ ሰውየው ተለማማጅነቱን ጨርሶ ቢሆን እንኳ።

ለሁለቱም የሚቆጠረው ዕቃ አዲስ፣ ማለትም ከግዢው በፊት በማንም ያልተሠራበት መሆን አለበት። የመሣሪያ ሣጥን እንደ መሣሪያ ይቆጠራል። ስልክ፣ ኮምፒውተርና የመሳሰለው ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ግን አይቆጠርም፤ ለመለካት፣ ቦታ ለማግኘት ወይም ለማስላት ብቻ የሚያገለግል ካልሆነ በቀር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አሠሪው ቲ2200 በሚባለው ቅጽ ላይ ሠራተኛው እነዚህን መሣሪያዎች ራሱ እንዲያቀርብ የሥራው ግዴታ መሆኑን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ይህ ቅጽ ከግብር ማስታወቂያው ጋር አይላክም፤ ሲጠየቅ ለማቅረብ በእጅ ይያዛል። በዚህ ጉዳይ ላይ ለተፈጠረው ችግር ሁሉ መግቢያ የሆነው ይኸው አይላክም የሚለው ቃል ነው።

ችግሩ እንዴት ተፈጠረ

በኤፕሪል 2024 ባለጉዳዩ ማስታወቂያውን በማኅበረሰባችን ውስጥ በክፍያ ለሚሞሉ አንድ አዘጋጅ ሰጠ። እኚህ ሰው ክፋት አልነበረባቸውም፤ ለብዙ ዓመታት የታክሲና የጭነት መኪና ሾፌሮችን ማስታወቂያ ሲሞሉ ኖረዋል። የግል ሥራ ያለው ሾፌር ወጪውን ደምሮ ከገቢው ስለሚቀንስ የመካኒኩንም እንደዚያው ቆጠሩት። በጠቅላላ ስንት እንዳወጣ ጠየቁት፣ 10,400 አላቸው፣ ቁጥሩን እንዳለ ለሥራ ወጪ ተቀናሽ በተመደበው መስመር 22900 ላይ አሰፈሩት። ስለ አሠሪ ፊርማ አልተነሣም፤ ዕቃው አዲስ ወይም ያገለገለ ስለመሆኑም አልተጠየቀም። ለኢሜይል በተተወው ቦታ ላይ የጻፉትም የራሳቸውን አድራሻ ነበር።

በሜይ ወር ከግብሩ የተመለሰለት ገንዘብ ባንክ ገባ፤ ባለጉዳዩም ጉዳዩ በዚያው ያለቀ መሰለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው የግብር ውሳኔ በአብዛኛው የተሞላውን ቁጥር ተቀብሎ የሚያሰላ እንጂ ማስረጃ የሚመረምር አይደለም፤ ምርመራው ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

መጣም። በኦገስት ወር ኤጀንሲው ቲ2200፣ የመሣሪያዎቹን ዝርዝርና ደረሰኞቹን በ30 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላከ። ባለጉዳዩ በጁላይ ቤት ቀይሮ ስለነበር ደብዳቤው የደረሰው በቀድሞው አድራሻ ነው፤ አብሮት ይኖር የነበረው ሰው ፖስታውን ከሌሎች ጋር በመሳቢያ አስቀመጠው። የኢሜይል ማሳሰቢያውም ወደ አዘጋጁ ሄዶ ሳይነበብ ቀረ። መልስ ሲጠፋ ኤጀንሲው በኖቬምበር 14 ቀን 2024 ተቀናሹን ሙሉ በሙሉ ሰርዞ አዲስ ውሳኔ አወጣ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ያየነው የጊዜ ገደቡን ነው። በውሳኔው ላይ 90 ቀን የሚል ስለተጻፈ ባለጉዳዩ ፌብሩዋሪ 12 ካለፈ በሩ ይዘጋል ብሎ ፈርቷል። ለግለሰብ ግብር ከፋይ ግን ተቃውሞ የማቅረቢያው ገደብ ከሁለቱ የዘገየው ነው፦ ከውሳኔው በኋላ 90 ቀን፣ ወይም ማስታወቂያው መቅረብ ከነበረበት ቀን በኋላ አንድ ዓመት። በእሱ ጉዳይ ይህ እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2025 ያደርሳል። ቢሆንም በተራዘመው ጊዜ መዘናጋቱን ስላልወደድኩት ፌብሩዋሪ 10 ላይ በራሱ የኢንተርኔት መዝገብ በኩል ተቃውሞውን አስገባ። ተቃውሞ ከገባ በኋላ ኤጀንሲው በክርክር ላይ ያለውን የገቢ ግብር በግዴታ ከመሰብሰብ ይታቀባል፤ ወለዱ ግን መቁጠሩን አያቆምም፤ ይህንንም በግልጽ ነግሬዋለሁ።

ከዚያ ወደ ዕቃዎቹ ገባን። አንድ ቅዳሜ ጋራዡ ከተዘጋ በኋላ የመሣሪያ ሣጥኑን መሳቢያ በመሳቢያ እየከፈትን የእያንዳንዱን ዕቃ ማስረጃ ፈለግን። ደረሰኞቹን ያስቀመጠው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከመኪና መብራት አምፖሎች ጋር ነበር። ብዙዎቹ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ላይ የተሠሩ በመሆናቸው ነጥተው ባዶ ብጣሽ መስለዋል።

«ጋሼ፣ ደረሰኝማ ሁሉም አለ፤ ጽሑፉ ነው የጠፋው» አለኝ።

የነጡትን በሁለት መንገድ መለስናቸው። የመሣሪያ ሻጩ በዕቃ ስም የተዘረዘረ የሽያጭ ታሪክ በኮምፒውተሩ ስለነበረው አሥራ አራት ገጽ አትሞ ሰጠን። ከመደብር የተገዙትን ደግሞ በባንክ ካርድ መግለጫ ላይ ያለውን ቀንና መጠን ይዘን ደረሰኙን ከመደብሩ በድጋሚ አስወጣን።

የቀን ነገር የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሕጉ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተለማማጅ መካኒክነት የተቀጠረ ሰው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት የመጨረሻ ሦስት ወራት የገዛውንም መሣሪያ እንዲቆጥር ይፈቅድለታል። ባለጉዳዩ የመጀመሪያውን የቁልፍ ስብስብ በ1,150 ዶላር የገዛው ገና ሥራው ሳይጀመር ሲሆን፣ በደብተሩ ላይ «መስከረም 24 ቀን 2015» የሚል ሰፍሯል። ቀደም ብሎ ያማከረው አንድ ጓደኛው መስከረም ማለት ሴፕቴምበር ነው በሚል ይህ ዕቃ እንደማይቆጠር ነግሮት ነበር። መስከረም 24 ግን ኦክቶበር 4 ቀን 2022 ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ ወራት ውስጥ በሦስት ቀን ገብቷል። በዚያው ገጽ መስከረም 12 ላይ የተመዘገበው የ190 ዶላር የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ቁልፍ ደግሞ ሴፕቴምበር 22 ላይ ስለሚውል ወጣ። ሁለቱ ግዢዎች የተለያዩት በአሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ያስቸገረን ያገለገለው ሣጥን ነው። ሥራ የለቀቀ አንድ ነባር መካኒክ ከነቁልፎቹ በ1,400 ዶላር ሸጦለት ነበር፤ የእጅ ጽሑፍ ደረሰኝና ፊርማ አለው፣ ዕቃውም በየቀኑ የሚሠራበት ነው። ለባለጉዳዩ ከሁሉም የበለጠ ብልህ ግዢ ይህ ነበር፤ አዲስ ቢገዛው እጥፉን ይከፍላል። ሕጉ ግን ያገለገለ ዕቃን በሙሉ ያስወጣል። ቆጥቦ የገዛን ተለማማጅ ከቅናሹ የሚያስቀር አንቀጽ በመሆኑ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ሆኖም አንቀጹ ግልጽ ነው፤ አልተከራከርንበትም።

የመኪና ኮምፒውተር የሚያነበው የ900 ዶላር ታብሌትም ወጣ፤ መረጃ የሚያቀናብር ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሲሆን ኢንተርኔትም ይከፍታል። መለኪያ ብቻ የሆነው የ220 ዶላር መልቲሜትር ግን ገባ። ጫማና የሥራ ልብስ 340፣ ለዱቤው የተከፈለ ወለድ 160፣ ምንም ማስረጃ ያልተገኘላቸው ዕቃዎች 270 ዶላር ተቀነሱ።

አሠሪውን ማስፈረም

ይህ ክፍል ከታሰበው በላይ አምስት ሳምንት ወስዷል። የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ ቅጹን ሲያዩ መጀመሪያ «ይህ ከቤት ለሚሠሩ ሰዎች ነው» ብለው መለሱት። ከ2020 እስከ 2022 ከቤት ለሚሠሩ ሠራተኞች የወጣ ተመሳሳይ ስም ያለው አጭር ቅጽ ስለነበር ግራ መጋባታቸው አያስደንቅም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቁ ደግሞ መፈረም ማለት ጋራዡ የመሣሪያውን ዋጋ ይከፍላል ማለት እንዳይሆን ፈሩ።

ባለጉዳዩ ሁለቱንም ጊዜ የሄደው በሥራ መሐል፣ ባዶ ቅጽ ይዞ ነበር። በሦስተኛው አካሄዳችንን ለወጥን። ቅጹን በሚታወቀው መረጃ ሞልተን፣ የዕቃዎቹን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ስማቸው በሁለት ገጽ አትመን፣ ከላዩ አንድ አጭር ደብዳቤ ጨመርን። ደብዳቤው የሚለው ፊርማው ጋራዡን ምንም ወጪ እንደማያስከትልበት፣ የሚያረጋግጠውም እያንዳንዱ መካኒክ የእጅ መሣሪያውን ራሱ እንዲያመጣ የሚጠይቀውን የጋራዡን አሠራር ብቻ እንደሆነ ነው። ሥራ አስኪያጁ አንብበው በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ ጥያቄ አነሡ፦ የ2,450 ዶላሩ ትልቅ የመሣሪያ ሣጥን በእርግጥ ግዴታ ነበር ወይ? ለዚህ መልስ የሰጡት ፎርማኑ ናቸው። ጋራዡ መሣሪያ የሚቀመጥበት መደርደሪያ እንደሌለው፣ ሣጥን የሌለው ሰው መሣሪያውን ማታ ማታ መኪናው ውስጥ ይዞ መሄድ እንዳለበት አስረዱ። በማርች መጨረሻ ቅጹም ዝርዝሩም ተፈረመ።

ስሌቱ

የተረፉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ የመጀመሪያው የቁልፍ ስብስብ 1,150፣ በአየር የሚሠራው ቡሎን መፍቻ ከነቡሶላዎቹ 2,100፣ የመሣሪያ ሣጥኑ 2,450፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ማርቴሎና ልዩ ልዩ የእጅ ዕቃ 1,220፣ መልቲሜትሩ 220፤ በድምሩ 7,140 ዶላር። በዱቤ የተወሰዱት ሙሉ ዋጋቸው የተቆጠረው በተገዙበት ዓመት ነው፤ ክፍያው ወደ 2024 መዝለቁ ለውጥ አያመጣም።

የባለጉዳዩ የ2023 ደመወዝ 36,000 ዶላር ሲሆን፣ ያኔ ለተለማማጆች ይሰጥ ከነበረውና በማርች 2025 ከተቋረጠው የፌዴራል የማበረታቻ ድጎማ 1,000 ዶላር አግኝቷል። ይህም ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው። አምስት በመቶው ከ1,900 ዶላር በታች ስለሆነ የሚበልጠውና የሚነሣው መጠን 2,368 ነው። ስለዚህ የተለማማጁ ተቀናሽ 4,772፣ የእጅ ባለሙያው 1,000፣ በጠቅላላው 5,772 ዶላር ሆነ። በ2023 በዚህ ገቢ ላይ ፌዴራሉ 15 በመቶ፣ አልበርታ 10 በመቶ ያስከፍሉ ስለነበር ተቀናሹ 1,443 ዶላር ግብር አዳነለት።

ከዚህ ሌላ አዘጋጁ ያልጠየቁለት አንድ መብት ነበር። አሠሪው ጂኤስቲ የሚባለው የፌዴራል የሽያጭ ግብር ተመዝጋቢ ከሆነ ሠራተኛው ከገቢው ባስቀነሰው መሣሪያ ላይ የከፈለውን የአምስት በመቶ ጂኤስቲ ጂኤስቲ370 በሚባለው ቅጽ ማስመለስ ይችላል፤ ጊዜውም እስከ አራት ዓመት ነው። ይህ 275 ዶላር ገደማ አስገኝቷል። ተመላሹ በደረሰበት ዓመት ገቢ ሆኖ በመስመር 10400 መመዝገብ እንዳለበት በደብተሩ ጀርባ ላይ አጽፌዋለሁ፤ አለዚያ ሌላ ደብዳቤ መጋበዝ ይሆናል።

በጁን አንድ የተቃውሞ ክፍል ሠራተኛ ደውለው መልቲሜትሩና ታብሌቱ አንድ ዕቃ መሆን አለመሆናቸውን ጠየቁ፤ ባለጉዳዩ ሁለቱን ለይቶ አስረዳ። በጁላይ 2025 የ5,772 ዶላሩ ተቀናሽ ሙሉ በሙሉ ተፈቀደ።

ያልተሳካው

ውጤቱን ድል ብሎ መጥራት አይቻልም። ባለጉዳዩ አስቀድሞ 2,600 ዶላር ተመልሶለት ስለነበር በትክክል ከሚገባው በላይ የወሰደውን 1,157 ዶላር መመለስ ነበረበት፤ በጂኤስቲ ተመላሹ ሲካካስ 882 ዶላርና ወለድ ቀረበት። ወለዱ እንዲነሣለት የመጀመሪያው ደብዳቤ በአድራሻ ለውጥ ምክንያት እንዳልደረሰው ጠቅሶ ቢያመለክትም አድራሻን ማሳወቅ የግብር ከፋዩ ኃላፊነት ነው ተብሎ አልተቀበሉትም። በመጠኑ ያጽናናው ቅጣት አለመጨመሩ ነው፤ እያወቀ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የተሳሳተ ቁጥር ባቀረበ ሰው ላይ ከተጓደለው ግብር ግማሽ ያህል ቅጣት ሊጣል ይችላል።

ስልክም አልጠቀመንም። ሁለት ጊዜ ረጅም ሰዓት ከጠበቅን በኋላ ያገኘነው መልስ ማስረጃው በጽሑፍ እንዲላክ የሚል ብቻ ነበር። ሻጩ መጀመሪያ የሰጠን መግለጫ የሳምንታዊ ክፍያዎችን ድምር እንጂ የዕቃ ስም ስለማያሳይ ዋጋ አልነበረውም። አዘጋጁን ስናነጋግራቸው በጣም አዘኑ፤ የተቀበሉትን ክፍያም መለሱለት፤ የማስታወቂያው ባለቤትና ተጠያቂ ግን በሕግ ባለጉዳዩ ራሱ ስለሆነ ኃላፊነቱ ከእሱ ላይ አልወረደም።

ለሌላ ተለማማጅ የሚጠቅመው

ቲ2200 መጠየቅ ያለበት በኤፕሪል ሳይሆን ዓመቱ ሳያልቅ በዲሴምበር ነው፤ የተሞላ ዝርዝር ይዞ የሚሄድ ሰው ባዶ ቅጽ ይዞ ከሚሄደው ፈጥኖ ያስፈርማል። ሠራተኛው ጋራዥ ከቀየረ ደግሞ ከእያንዳንዱ አሠሪ የየራሱ ያስፈልገዋል፤ ከለቀቁ በኋላ የቀድሞ አለቃን ፊርማ መለመን ምን እንደሚመስል ለመካኒክ መንገር አያስፈልግም።

ደረሰኝ በተቆረጠበት ቀን በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ የሙቀት ወረቀት ስድስት ዓመት አይቆይም፣ ሰነድ የማቆየት ግዴታው ግን ስድስት ዓመት ነው። ቀን ሲመዘገብ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ። ማስታወቂያውን ማንም ይሙላው፣ በላዩ የሚሰፍረው ኢሜይልና አድራሻ የባለቤቱ ይሁን፤ ቤት ሲቀየርም በዚያው ሳምንት ይታረም።

ስለ ግዢ ጊዜም አንድ ነገር ልጨምር። ለ2023 2,368 ዶላር የነበረው መጠን በየዓመቱ አዲስ ሆኖ የሚነሣ በመሆኑ ትላልቅ ግዢዎችን በአንድ ዓመት ማሰባሰብ ከሁለት ዓመት ከመክፈል ይሻላል። ይህ የሚያገለግለው ግን መገዛቱ ለማይቀር ዕቃ ብቻ ነው፤ ሐሙስ የሚመጣው ሻጭ ይህን ስሌት ከእኔ በተሻለ ያውቃል፣ በዲሴምበርም ያስታውሳችኋል። በ2023 ከአንድ ዶላር ተቀናሽ ይመለስ የነበረው ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፤ ሰባ አምስቱ የገዢው ነበር። ልጆች ላሏቸው ተለማማጆች ግን ተቀናሹ የተጣራ ገቢን ስለሚቀንስ የልጆች ድጎማቸውንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ባለጉዳዩ ልጅ ስለሌለው ይህ በስሌቱ አልገባም።

የ2024 ማስታወቂያ

ክርክሩ ሳያልቅ የ2024 ማስታወቂያ ጊዜ ደረሰ። ባለጉዳዩ በዚያ ዓመት የገዛው አዲስ መሣሪያ 2,050 ዶላር ብቻ ሲሆን፣ የዓመቱ የሥራ መጠን 1,433 ዶላር ሆኗል። ስለዚህ በእጅ ባለሙያው ተቀናሽ 617 ዶላር አገኘ፤ የተለማማጁ ተቀናሽ መነሻ 2,433 ስለነበር ከዚያ ምንም አልደረሰውም። ይኸው 2,050 ዶላር በ2023 ዲሴምበር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በሙሉ ይቀነስለት እንደነበር ሳሳየው ደብተሩን ዘግቶ ሳቀ።

በዚህ ጊዜ ቅጹ ከነዝርዝሩ የተፈረመው ከ2023ቱ ጋር አብሮ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም በራሳቸው አሳብ ለሌሎቹ ሦስት ተለማማጆች ጭምር ቅጹን አትመው አስቀምጠዋል። ቀሪው ዕዳ በወር 100 ዶላር ከባንክ እየተቆረጠ ነው። የ1,400 ዶላሩ አሮጌ ሣጥን አሁንም ከትልቁ አዲሱ ሣጥን አጠገብ ተቀምጧል፤ ባለጉዳዩ ጠዋት መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው።